ባለቤቴ ዳላስ እንግባ ይላል፤ እኔ ሲያትልን መልቀቅ አቃተኝ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ዓምድ ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን የራሴን ጉዳይ እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

የምኖረው ሲያትል ነው። በትክክል ለመናገር ተክዊላ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ። ሁለት መኝታ ቤት ባለው አፓርታማ ውስጥ አምስት ሆነን እንኖራለን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ13 ዓመት ሴት ልጄ፣ የ6 ዓመት ወንድ ልጄና እናቴ። ኪራያችን 2,200 ዶላር ነው። እማዬና ሴቷ ልጄ አንድ ክፍል ይጋራሉ፤ ትንሹ ከእኛ ጋር ይተኛል።

ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። እኔ ሆም ኬር ነው የምሠራው፤ ስቴቱ እየከፈለኝ እናቴን ራሴ እንከባከባለሁ። ስኳር አለባት፣ ጉልበቷም አልታዘዝ ብሏታል፤ ያለ ሰው ደረጃ አትወርድም። የእኔ ኢንሹራንስም የሚመጣው በዚሁ ሥራ ነው።

የባለቤቴ ወንድም ዳላስ አጠገብ ዋይሊ የምትባል ከተማ ይኖራል። በ2020 እ.ኤ.አ አራት መኝታ ቤት ያለው ቤት ገዝቷል። ባለፈው ዲሴምበር እሱ ጋ ሄደን ሰንብተን መጣን፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። ልጆቹ ከአጎታቸው ልጆች ጋር ጓሮ ውስጥ ሲሯሯጡ ባለቤቴ አይቶ አይጠግብም ነበር። ወንድሙ በየቀኑ ይደውላል። «እዚያ ዝናብ ውስጥ ተቀምጠህ የሰው ሞርጌጅ ትከፍላለህ» ይለዋል። «ቴክሳስ ታክስ የለም» ይለዋል። ባለቤቴ ማታ ከሥራ ሲገባ ዚሎው ላይ የዳላስን ቤት ሲያገላብጥ ያመሻል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የምትለው ተረት ከአፉ አትጠፋም። ትምህርት ሲዘጋ፣ በዚህ ሰመር እንሂድ ነው የሚለው። እኔ እምቢ ካልኩ ደግሞ እሱ ቀድሞ ሄዶ ቤት ይዞ ሊጠብቀን ያስባል። 45 ሺህ ዶላር አጠራቅመናል። «እዚህ በዚህ ገንዘብ ምን ይገዛል?» ሲለኝ መልስ የለኝም።

እኔ መሄድ አልፈልግም። ለምን ስባል ግን የምሰጠው ምክንያት ለራሴም ቀላል ይመስለኛል። ባሕሩን እወዳለሁ እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አልካይ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ከሄድኩ ዓመት አልፎኛል። ቤተ ክርስቲያኔ እዚህ ነው፣ ማኅበሬ እዚህ ነው፣ ስወልድ ገንፎ ይዘው የመጡልኝ ሴቶች እዚህ ናቸው። እሱ ደግሞ «ዳላስ ሐበሻ የለም? ቤተ ክርስቲያን የለም?» ይላል። ልክ ነው፣ ሞልቷል። ልጄ «እኔ ጓደኛዬ ቤት እቀራለሁ» ብላ አለቀሰች። ትንሹ በየቀኑ «መቼ ነው የምንሄደው?» ይለኛል። እማዬ ዝም ብላለች።

እኔና ባለቤቴ የኢሚግሬሽን ፕሮሰሱ እስኪያልቅ ብዙ ዓመት ተለያይተን ኖረናል። አሁን አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ተኳርፈናል። ራስ ወዳድ ሆኜ ነው? የባሌን ሐሳብ እያሰናከልኩ ነው? ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከተክዊላ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ራስ ወዳድ ስለመሆንሽ ከደብዳቤሽ ምንም አላየሁም። ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ምክንያቶቼ ቀላል ናቸው ብለሽ የዘረዘርሻቸው ባሕሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ማኅበሩን ነው። ከባዶቹን ምክንያቶች ደግሞ ከላይ፣ ራስሽን ስታስተዋውቂ ጽፈሻቸው አልፈሻል። እናትሽን እየተንከባከብሽ ደሞዝ እንደምታገኚ፣ ኢንሹራንስሽ ከዚያ እንደሚመጣ፣ እማማ ያለ ሰው ደረጃ እንደማይወርዱ። እነዚህን እንደ ምክንያት አልቆጠርሻቸውም። ለባለቤትሽም እንደዚያው ከሆነ ያቀረብሽለት፣ እሱ የሰማው «ሚስቴ ባሕር ዳር መቀመጥ ስለምትወድ ልጆቼ ጓሮ አይኖራቸውም» የሚል ነው። ኩርፊያው ቢረዝም አይገርምም።

እስቲ ከእሱ ልጀምር፤ በሐሳብሽ ውስጥ ጎልቶ የታየኝ እሱ ነውና። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የማያውቀውን ሰው ሲያመላልስ የሚውል አባት ነው። ማታ ሲገባ አምስት ሰው ያለበት ሁለት ክፍል ይጠብቀዋል። ዲሴምበር ላይ ሲያትል ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ በዚያ ወር ከዝናብና ከጨለማ ወጥቶ ዳላስ ሲደርስ ሰማዩ ክፍት ነው፣ ልጆቹ ከሥጋ ዘመዳቸው ጋር ይጫወታሉ፣ ወንድሙ በራሱ በር ይገባል ይወጣል። የትኛው አባት ነው ይህን አይቶ ልቡ የማይሸፍተው? ወንድም አጠገብ መኖርም ቀላል ሀብት አይደለም። ልጆች የአጎታቸውን ልጆች እያዩ ሲያድጉ የሚያገኙትን እኛ ሀገር ቤት ያደግን ሰዎች እናውቀዋለን። ስለዚህ ፍላጎቱ ቅብጠት አይደለም፤ ይህን አንቺም አፍ አውጥተሽ እንድትነግሪው እፈልጋለሁ።

ደግሞም አንድ ነገር ላይ ልክ ነው። በኡበርና በሆም ኬር ገቢ ሲያትል ከተማ ውስጥ ግቢ ያለው ቤት መግዛት ለአብዛኛው ሰው የማይሞከር ሆኗል። መካከለኛው የቤት ዋጋ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ድሮ ቼሪ ስትሪት አካባቢ የነበረው ሐበሻ ወደ ሬኒየር፣ ከዚያ ወደ ሬንተን፣ ተክዊላና ኬንት እየተገፋ የወረደውም በዚሁ ምክንያት ነው። «እዚህ በ45 ሺህ ምን ይገዛል?» ሲልሽ መልስ ያጣሽው ደካማ ስለሆንሽ አይደለም፤ ጥያቄው በእውነት ከባድ ነው።

ግን ያው ጥያቄ ለዳላስም መቅረብ አለበት፤ እስካሁን ማንም ያቀረበው አይመስለኝም።

ወንድሙ ቤቱን የገዛው በ2020 ነው። ያኔ የሞርጌጅ ወለድ 3 በመቶ አካባቢ ነበር። ከ2022 በኋላ ግን ከ6 እስከ 7 በመቶ ሲመላለስ ቆይቷል። ለምሳሌ 360 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቤት ውሰዱ። 10 በመቶ ቅድሚያ ብትከፍሉ 36 ሺህ ነው፤ ብድራችሁ 324 ሺህ ይሆናል። ይህ ብድር በ3 በመቶ ለ30 ዓመት በወር 1,370 ዶላር ገደማ ነው። በ6.5 በመቶ ግን 2,050 ገደማ ይሆናል። ያው ቤት፣ ያው ሰፈር፣ በወር ወደ 700 ዶላር ልዩነት። እና ገና አላለቀም። ቴክሳስ የገቢ ታክስ የለም የሚለው እውነት ነው፤ ግን ዋሽንግተንም ከእናንተ ዓይነት ደሞዝ ላይ የስቴት የገቢ ታክስ አትወስድም፣ ስለዚህ በዚህ በኩል የምታተርፉት ነገር የለም። ቴክሳስ ገንዘቡን የሚሰበስበው ከቤቱ ነው። የንብረት ታክሱ ብዙ ቦታ ከቤቱ ዋጋ 2 በመቶ አካባቢ ስለሚሆን፣ በዚህ ምሳሌ በወር 600 ዶላር ይጨመራል። ቤቱ ውስጥ ለሚኖር ባለቤት የሚሰጠው ቅናሽ ትንሽ ያቀለዋል። የቤት ኢንሹራንሱም እዚያ ውድ ነው፤ የበረዶ ውርጅብኝ ጣሪያ ስለሚደበድብ። በወር 300 ብትይዙለት ድምሩ 3,000 ዶላር ተጠጋ። ከ20 በመቶ በታች ቅድሚያ ስትከፍሉ ባንኩ የሚጨምረው ሌላ ኢንሹራንስም አለ፤ እሱን አልደመርኩትም። የበጋ መብራት ገና ነው። የዳላስን ሙቀት በዲሴምበር መለካት አይቻልም፤ በ2011 ሙቀቱ 100 ፋራናይትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ቀናት 71 ነበሩ። ኤሲው ሌት ተቀን ነው የሚሠራው።

አሁን የምትከፍሉት 2,200 ነው። ለ3,000ው በምላሹ አራት ክፍልና የራሳችሁ የሆነ ንብረት ታገኛላችሁ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አላጣጥለውም። ነገር ግን «ዳላስ ርካሽ ነው» ብላችሁ ከገባችሁ የመጀመሪያው የንብረት ታክስ ወረቀት ሲመጣ ትደነግጣላችሁ።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ብዙ ሰው የሚያውቀው ሪልተር ፊት ከተቀመጠ በኋላ ነው። ባለቤትሽ በግሉ እንደሚሠራ ሰው ስለሚቆጠር ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት የታክስ ወረቀቱን ይጠይቀዋል። የሚያየውም ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የቀረውን ነው። ብዙ ሹፌሮች የነዱትን ማይል በሙሉ ስለሚያስቀንሱ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ገቢ በጣም ትንሽ ነው። ታክሱን ያቀለለው ወረቀት ብድሩን ያከብደዋል። የአንቺ ደሞዝ ደግሞ ዋሽንግተንን ስትለቂ ስለሚቋረጥ ባንኩ አይቆጥርልሽም። ስለዚህ ዳላስ በገባችሁ ማግስት ቤት ትገዛላችሁ ማለት ዘበት ነው። መጀመሪያ ተከራይታችሁ ትኖራላችሁ፤ ያ 45 ሺህም ሥራ እስክትይዙ መጠጊያችሁ ሆኖ ይሸረፋል።

እዚህ ጋ ነው የእኔ ዋና ሐሳብ ያለው። መዛወር ለቤተሰብ በእኩል አይከፈልም። የእናንተን ስመለከተው ትርፉ ባለቤትሽና ትንሹ ልጅ ዘንድ ይወድቃል፤ ሒሳቡ ደግሞ በአንቺ፣ በእናትሽና በሴቷ ልጅሽ ላይ። ይህ ማለት አትሂዱ ማለት አይደለም። ነገር ግን ማን ምን እንደሚከፍል በግልጽ ሳይነገር ውሳኔ መወሰን የለበትም።

የአንቺን እንይ። ዋሽንግተን ውስጥ የሆም ኬር ሠራተኛ ዩኒየን አለው፤ ደሞዙ፣ ኢንሹራንሱ፣ የጡረታ ቁጠባው በስምምነት የተጻፈ ነው። ቴክሳስም ቤተሰብን ለተንከባከበ የሚከፈልበት መንገድ አላት፤ ክፍያው ግን እዚህ ከሚከፈልሽ በብዙ ያነሰ ነው። ሌላ ሥራ ልያዝ ብትዪም ልዩነቱን ከሥሩ አስቢው፦ ተክዊላ በ2025 ለትልልቅ ቀጣሪዎች ያወጣችው ዝቅተኛ ደሞዝ በሰዓት 21.10 ዶላር ነበር፤ ቴክሳስ የምትከተለው ከ2009 ጀምሮ ያልተነካውን የፌደራል 7.25 ነው። ዳላስ ላይ ብዙ ቀጣሪ ከዚያ በላይ እንደሚከፍል ግልጽ ነው፣ ግን እንደ እዚህ የሚያስገድደው ሕግ የለም። ባለቤትሽም ቢሆን ነፃ አይደለም። ዋሽንግተን በ2022 ባወጣችው ሕግ ለኡበርና ለሊፍት ሹፌሮች በደቂቃና በማይል ዝቅተኛ ክፍያ ተቆርጦላቸዋል፣ የሕመም ፈቃድም አላቸው። ቴክሳስ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ወንድሙ ምን እንደሚሠራ አልነገርሽኝም፤ ኡበር ካልሆነ ግን ስለ ኡበር ገቢ የሚነግረው ነገር ከሰው የሰማውን ነው።

የእናትሽ ነገር ከሁሉም ያሳስበኛል። ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ከሰው ጋር ስቴት አይሻገርም። እማማ እዚህ የተፈቀደላቸው የእንክብካቤ ሰዓት እዚሁ ይቀራል፤ ዳላስ ሲገቡ ማመልከቻው፣ ምርመራው፣ ጥበቃው ከመጀመሪያው ይጀመራል። በዚያ መሃል ሳትከፈዪ ትንከባከቢያቸዋለሽ፣ ወይም ሌላ ሥራ ትይዢና እማማ ብቻቸውን ይውላሉ። የስኳር ሐኪማቸውም ይቀየራል። «እማዬ ዝም ብላለች» ብለሽ ጽፈሻል። ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? በዕድሜ የገፋ ሰው ልጁ ቤት ሲኖር ሸክም እንዳይሆን ብሎ ዝም ይላል፤ ዝምታቸውን እሺታ ብሎ መተርጎም ደግሞ ለሁላችንም ይቀለናል። አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ፣ ባለቤትሽ በሌለበት ሰዓት፣ «እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» በያቸው። መልሳቸው እንዳሰብሽው ላይሆን እንደሚችልም ተዘጋጂ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት «ፀሐይ ወዳለበት ውሰዱኝ» ቢሉስ? ያኔ አንቺም ያለሽበትን ቦታ እንደገና ማሰብ ይኖርብሻል።

ወደ ሴቷ ልጅሽ ልምጣ። 13 ዓመቷ ከሆነ 8ኛ ክፍል ወይም እዚያ አካባቢ ናት፤ ሃይስኩል ደጃፍ ላይ ማለት ነው። ባለቤትሽ «በዚህ ሰመር» ማለቱ በዚህ በኩል ትክክል ነው፤ ልጅን ሃይስኩል መሃል ላይ ነቅሎ ሌላ ስቴት መውሰድ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። 10ኛ ክፍል የገባች ልጅ ጓደኛም፣ አስተማሪም፣ ራሷንም እንደ አዲስ መፈለግ አለባት። ስለዚህ ያለው ምርጫ ወይ አሁን፣ ወይ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። «እስቲ እናያለን» እያላችሁ ሁለት ዓመት እንዳታዘግሙ።

ከመወሰናችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ። ዋሽንግተን ውስጥ ኮሌጅ ባውንድ የሚባል የስኮላርሺፕ ፕሮግራም አለ። በ7ኛ ወይም በ8ኛ ክፍል ነፃ ወይም ቅናሽ ምሳ ለማግኘት ብቁ የሆነ ልጅ ይመዘገብበታል፤ አሁን አሁን ምዝገባው በራሱ ነው የሚሆነው፣ ወላጅ ሳያውቅም ጭምር። ልጁ ሃይስኩሉን ዋሽንግተን ውስጥ ከጨረሰ፣ የተጠየቀውን ውጤት ከያዘና የቤተሰቡ ገቢ ያኔም ዝቅተኛ ከሆነ፣ በዋሽንግተን የመንግሥት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል። 11ኛ እና 12ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ረኒንግ ስታርት በሚባለው ፕሮግራም የትምህርት ክፍያ ሳይከፍሉ የኮሌጅ ኮርስ መውሰድ ይቻላል። ቴክሳስም ጥሩ ዩኒቨርሲቲዎችና የራሷ እርዳታ አላት፤ የኮሌጅ ባውንዱ ቃል ግን ከስቴቱ ከወጣችሁ ይቀራል። ልጅሽ የት/ቤቷን ካውንስለር «እኔ ተመዝግቤያለሁ?» ብላ ትጠይቅ። መልሱ አዎ ከሆነ ይህ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። የቤት ሒሳብ ስትሠሩ እሱም አብሮ ይደመር።

አሁን ደግሞ ስለ አንዱ ሐሳብ ዝም ብዬ ላልፍ አልችልም፤ እሱ ቀድሞ ሄዶ ይጠብቀን የሚለው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ፕሮሰሱ እስኪያልቅ ተለያይታችሁ የኖራችሁበትን ዘመን አንቺ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ያኔ የለያያችሁ ወረቀት ነበር፣ ምርጫም አልነበራችሁም። አሁን ራሳችሁ ትለያያላችሁ ማለት ነው። ኪራዩ ሁለት ይሆናል። አንቺ ብቻሽን ልጆቹንና እናትሽን ይዘሽ ትቀሪያለሽ፣ እሱ ደግሞ የወንድሙ ቤት እንግዳ ይሆናል። ቁጠባችሁ በሁለት ቤት ወጪና በአውሮፕላን ቲኬት ያልቃል። ከዚህም በላይ አሁን ያለው ኩርፊያ ሁለት ሺህ ማይል ርቀት ላይ ሆኖ የሚበርድ ዓይነት አይደለም። ወይ አብራችሁ ትሄዳላችሁ፣ ወይ አብራችሁ ትቀራላችሁ። ሌላው ሁሉ ድርድር ሊሆን ይችላል፣ ይህ ግን መሆን የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ እንዴት ይጀመር? መጀመሪያ ከቤት ውጡ። እናት በአንድ በኩል፣ ልጆች በሌላ በኩል ባሉበት ሁለት ክፍል ውስጥ ባልና ሚስት ሹክሹክታ ካልሆነ መነጋገር አይችሉም፤ ሹክሹክታ ደግሞ ቶሎ ጠብ ይሆናል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን ለአንዷ የማኅበር እህትሽ ተይና ሁለታችሁ አልካይ ሂዱ። በነፃ ነው፣ ለአንቺም ናፍቆሽ የቆየ ቦታ ነው። በመጀመሪያው ቀን ስለ ሒሳብ አታንሺበት። «ዳላስ ስትል ከሁሉም በላይ የሚታይህ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂውና ሳታቋርጪ ስሚው። ምናልባት ቤቱ ሊሆን ይችላል። ምናልባት ወንድሙ። ምናልባት ደግሞ ኡበሩ ሰልችቶት፣ ደክሞት፣ ከዚህ ሕይወት ማምለጥ ብቻ ይሆናል የፈለገው። ወንድሙን ከናፈቀ ልጆቹን ይዞ በየሰመሩ እዚያ መሰንበት ይችላል። ኡበሩ ከሰለቸው ደግሞ ስቴት ሳይቀይር ሥራ መቀየር ይችላል፤ ለምሳሌ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ለማውጣት ወይም የአውቶብስ ሹፌርነት ለመማር ከቁጠባው ላይ ትንሽ ብታወጡ የሁለታችሁንም ሕይወት ሊቀይር ይችላል። ቤቱ ከሆነ ግን ወደ ቁጥሩ ትገባላችሁ።

ስለ ባሕሩም የልብሽን ንገሪው፤ ግን የመጨረሻ ምክንያትሽ አድርጊው እንጂ የመጀመሪያ አታድርጊው። «እዚህ መኖር እወዳለሁ» ማለት መብትሽ ነው። ሰው የሚኖርበትን ከተማ መውደዱ ማፈሪያ አይደለም። አንዲት ሴት በወለደች ጊዜ ገንፎ ይዘው የሚመጡላትን ሰዎች በሌላ ከተማ እንደገና ለማግኘት ዓመታት ይወስዳል። ዳላስ ሐበሻ ሞልቷል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ሞልቷል፤ አንቺን የሚያውቅ ሰው ግን እዚያ ገና አንድ ቤት ብቻ ነው።

ዳላስን በቁም ነገር ማየት ከፈለጋችሁ በኦገስት ሂዱ። ሙቀቱ በበረታበት። በተቻለ መጠን ወንድሙ ቤት አትረፉ፣ ቢያንስ ለጥቂት ቀን ልትከራዩ በምትችሉት ዓይነት ሰፈር አፓርታማ ያዙ። ባለቤትሽ ኤርፖርቱ ጋ ተራ የሚጠብቁ ሐበሻ ሹፌሮችን ያናግር፤ ስንት ሰዓት ሠርተው ስንት ይዘው እንደሚገቡ ከእነሱ ይስማ። ወንድሙንም የንብረት ታክሱንና የጁላይ መብራቱን ወረቀት እንዲያሳየው ይለምነው። ገመና መጠየቅ ይመስል ይሆናል፤ ወንድም ግን ለወንድሙ ይህን አይደብቅም። ደብቆ ከሆነም ያ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ።

እዚህ ያለውንም በር ሳታዩ አትለፉ። ኬንትና ፌደራል ዌይ አካባቢ ከቤት ዋጋ በብዙ የሚያንሱ ኮንዶዎች አሉ፤ የወር መዋጮው ስንት እንደሆነ ግን አስቀድሞ ይጠየቅ፣ አንዳንዱ ያንገበግባል። ባቡሩም አሁን ፌደራል ዌይ ድረስ ይሄዳል፤ ልጅሽ ስታድግ ያለ መኪና ትምህርቷ ጋ መድረስ ትችላለች። የዋሽንግተን ስቴት የቤት ፋይናንስ ኮሚሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዙ ሰዎች የቅድሚያ ክፍያ እርዳታና ነፃ ትምህርት አለው፤ ገዛችሁም አልገዛችሁም ትምህርቱን አብራችሁ ውሰዱት። አንድ ክፍል የምትጨምር ኪራይ ብታገኙ እንኳ ባለቤትሽ ማታ ሲገባ የሚያርፍባት ጥግ ታገኛላችሁ፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ለውጥ አንዳንዴ ትልቁን ጭቅጭቅ ያበርደዋል።

የአንቺን ሐሳብ ንገሪኝ ካልሽ፣ በዚህ ሰመር ባትሄዱ ይሻላል እላለሁ። እናትሽና ልጅሽ የሚያጡት ነገር ተመልሶ አይመጣም፤ ዳላስ ግን ከአራት ዓመትም በኋላ አለ። ነገር ግን እሱን «አይሆንም» ብለሽ ብቻ እንዳትመልሺው። አራት ዓመት ቆጥባችሁ፣ የታክስ ወረቀቱን አስተካክላችሁ፣ ክሬዲታችሁን ጠብቃችሁ፣ ልጅቷ ስትመረቅ እንደገና በእኩል የምታዩት ጉዳይ እንደሆነ ቀን ቆርጣችሁ ተስማሙ። ያኔ ልሂድ ካለ አንቺም ቃልሽን ጠብቂ። እስከዚያ ድረስ ልጆቹ ጁላይን ከአጎታቸው ልጆች ጋር ያሳልፉ፤ የዚያን ቲኬት ከሌላ ወጪ አስቀድሙት። ብቻችሁን መነጋገር ካቃታችሁ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሽማግሌ ጥሩ፤ ወንድሙ ግን በዚህ ጉዳይ ሽማግሌ ሊሆን አይችልም፣ ጉዳዩ የራሱም ነውና።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሰኞ ጠዋት የእማማን ኬዝ ማናጀር ደውይላት። «ወደ ቴክሳስ ብንዛወር እናቴ ምን ታጣለች፣ ምን ያህል ጊዜስ ልንጠብቅ እንችላለን?» ብለሽ ጠይቂያት፣ መልሱን በጽሑፍ እንድትልክልሽም ንገሪያት። ያ መልስ በእጃችሁ ሳይገባ ለማንም ሪልተር ቀጠሮ አትስጡ።